የጎናሪያ ሰንጢ

ባኪዝዮ ሰንጢውን ለሚስቱ የሰጣት እራት እየበሉ ሳለ ነው። ወግ የለው፣ ምርቃት የለው፤ ከሾፌርነት ኮቱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ከአይቡና ከስሱ ቂጣ መሃል አስቀመጠው። «ያንቺ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሾርባው ተመለሰ።

ጎናሪያ ጨርቁን ፈታችው። እጀታው ከበግ ቀንድ የተሠራ ነው፤ ማር መስሎ ያበራል። ስለቱ እንደ አደስ ቅጠል ወገቡ ሰፋ ብሎ ጫፉ የሾለ ነው። በሰንጢ የታወቀችው የፓታዳ ከተማ አንጥረኞች ሥራ መሆኑን ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ከፈተችው፤ ቀጭ አለ። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው።

«ምን ልሥራበት?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ! ሰንጢ ነው፣ ቁረጪበት።»

«ቢላዋ አጣሁ አልኩህ?»

«ካልፈለግሽው እመልሰዋለሁ።»

«ማን ነው አልፈልግም ያለው?» አለችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

በዚያ ተራራማ የሰርዲኒያ አገር ሰንጢ የወንድ ነው። ወንዱ ጧት ሱሪውን ሲታጠቅ ሰንጢውን ኪሱ ይከታል፤ ሴቷ ከወጥ ቤት ቢላዋ አታልፍም። ባልና ሚስት ደግሞ ጭራሽ ስለት አይሰጣጡም፤ ፍቅር ይቆርጣል ብለው ይፈራሉ። የግድ ከሆነም ተቀባዩ አንዲት ሳንቲም ለሰጪው ይወረውራል፤ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ግዢ ይባላል። ባኪዝዮ ግን የባሕር ጠረፍ ሰው ነው። ዓሣ አጥማጆች መሃል አድጎ፣ አውቶቡስ ሊነዳ ወደ ተራራው ወጥቶ፣ እዚያው አግብቶ የቀረ። እንዲህ ያለውን ነገር ቢሰማም አይሰማም።

በማግስቱ ጎረቤቷ ቺስኬዳ መጣች። የጎናሪያን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳች አበልጇ ናት፤ በር አታንኳኳም።

«አበልጄ፣ እውነት ነው? ሰንጢ ሰጠሽ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነዋ! አውቶቡሱ ላይ ለተሳፈረ ሁሉ እያወራ ነው። ሳንቲም ሰጥተሽዋል?»

«ልሰጠው ነበር፤ ‹የምሰጥሽን አልሸጥልሽም› ብሎ እጄን መለሰው።»

ቺስኬዳ አማተበች። «በይ ሲተኛ ኪሱ ውስጥ ጣል አድርጊለት። ይህ ሰው ቂል ነው፤ ቂልነቱ ግን ላንቺ ይተርፋል።»

ጎናሪያ ሳቀች እንጂ ሳንቲሙን አልጣለችም። ልቧ ያለው ሌላ ቦታ ነበር።

ጎናሪያ ወንድም አልነበራትም። አባቷ ዙዋኔ የታወቀ በግ ጠባቂ ነበር፤ ወንድ ልጅ ሲያጣ እሷን ከኋላው አስከትሎ ወደ ተራራው ወጣ። ገና ጥርሷ ሳይለወጥ ማለብ ታውቅ ነበር። ከፍ ስትል አሮጌ ሰንጢውን ሰጣት፤ ስለቱ ከመሳል ብዛት ሳስቶ የሣር ቅጠል መስሏል። በሷ ቂጣ ትቆርጣለች፣ የተሰነጠቀ ሰኮና ታበጃለች፣ ለቃጭል ማንጠልጠያ ቆዳ ትተለትላለች። የሠርጓ ዋዜማ አባቷ መጣና እጁን ዘረጋ። «እንግዲህ የቤት ሴት ነሽ» አላት። ሰንጢዋን ወስዶ ለወንድሙ ልጅ ለጋንቲኔ ሰጠው። ሲሞትም መንጋውና ተራራው ላይ ያለው የድንጋይ በረት የጋንቲኔ ሆነ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ላይ የምትተነፍስ ሴት አልነበረችም።

ጎናሪያ ግን አርፋ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ሳታውቀው ኖረች። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ሳያልቅ የምትነሳ እሷ ናት። ሠርግ ቤት ወንበሯ ባዶ ነው። ትናንት የተቀባ ግድግዳ ዛሬ ትቀባለች፤ ምድጃውን ከዚህ ነቅላ እዚያ ታቆማለች፣ በሳምንቱ ትመልሰዋለች። ወንድ ልጇ ቶሪኖ ከተማ ፋብሪካ ገባ፣ ሴቷ ሳሳሪ ከተማ አገባች፤ ያን ጊዜ ባሰባት። እጇ ሁልጊዜ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ያጣና ይወጣል። መንደሩም «ጎናሪያ ጉንዳን ላይ ተቀምጣ ነው የተወለደችው» ይላል።

ባኪዝዮ ይህን ሁሉ ዓመት አይቶ ምክንያቱን አያውቅም ነበር። ሰንጢውን ከመስጠቱ በፊት አንድ የገበያ ቀን ጋንቲኔ አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ከኋላው ተቀመጠና ሞቅ ብሎት ሲቀልድ፣ «ሚስትህ እኮ የተጋባችሁ ቀን ያለቀሰችው ለአባቷ ቤት እንዳይመስልህ! ለዚህች ነው» ብሎ ያችን የሳሳች ሰንጢ አሳየው። አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሁሉ ሳቀ። ባኪዝዮ አልሳቀም። በሚቀጥለው ሳምንት ፓታዳ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ አንጥረኛው ዘንድ ገባ።

ሰንጢውን ስሰጣት ታርፋለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ማረፍ ቀርቶ ጭራሽ ተነሳባት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀኑን ሙሉ ቀጭ።

«ኧረ ጆሮዬን በላሽው!» ይላታል።

«ስለቱ እንዳይዝግ ነው።»

«የትናንት ሰንጢ ዛሬ ይዝጋል?»

መጀመሪያ መንደሩ ዳር ወርዳ የዱር እንስላል ቆረጠች። ቀጥሎ ሸምበቆ ቆረጠች፤ ለምን እንደቆረጠችው እሷም አታውቅ፣ በር ላይ ተቆልሎ ቀረ። በመጠጥ ቤቱ በኩል ስታልፍ ወንዶቹ ይጠሯታል፦ «እትዬ ጎናሪያ፣ ዛሬ ማንን ልታርጂ ነው?» እሷም ሳትቆም፣ «ተራ ያዙ፣ ሁላችሁም ይደርሳችኋል!» ትላለች። በየቀኑ ትንሽ ራቅ ትላለች። አንድ ቀን እግሯ ሳታዘው የጋንቲኔ በረት ከሚታይበት ጉብታ ላይ አደረሳት፤ ቃጭሉን ሰማች፣ ተመልሳ ሮጠች ማለት ይቻላል። ያን ዕለት የባሏ ሾርባ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመረችበት።

በጸደይ ወር፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ጧት፣ እንደገና ወጣች። አሁን አልተመለሰችም። ጉብታው ላይ ስትደርስ የሰማችው ቃጭል ሳይሆን የጋንቲኔን ጩኸት ነበር። በጎቹ አጥሩን ጥሰው ሆድ የሚነፋው እርጥብ የማገጥ ሣር ውስጥ ገብተው ጠግበዋል። አብዛኞቹን ውሾቹ መልሰዋቸዋል። ሦስቱ ግን ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ግራ ጎናቸው ከጀርባቸው በላይ አብጦ፣ አፋቸውን ከፍተው ይንገዳገዳሉ። አንዷ ወድቃለች። ጋንቲኔ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው፤ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የወደቀችውን ሆዷን ያሻል።

«ያዛት!» አለች ጎናሪያ ከሩቅ። «እሷን ተዋት፣ ያለቀላት ናት! የቆመችዋን ያዛት!»

«አንቺ ከየት መጣሽ? ሂጂ፣ ሰው ጥሪልኝ!»

«ሰው እስኪመጣ ሦስቱም ያልቃሉ። ያዛት አልኩህ፣ የአጎቴ ልጅ!»

ያዛት። ጎናሪያ ከኩሬው ዳር ሸምበቆ ቆርጣ ሁለት አጫጭር ቧንቧ አወጣች። ከዚያ እጇን በበጊቱ ግራ ጎን ላይ ዘረጋች፤ በመጨረሻው የጎን አጥንትና የዳሌው አጥንት መሃል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ዛሬ ጉብታ ሆኗል። ጣቷ ቦታውን አገኘው። አባቷ አንድ ጊዜ እጇን ይዞ አስወግቷታል፤ ከዚያ ወዲህ አድርጋው አታውቅም።

«ትገድያታለሽ!» አለ ጋንቲኔ።

ወጋች። እስከ እጀታው ድረስ። ሽሽሽ ብሎ የሚሸት ነፋስ ፊቷ ላይ ወጣ፤ ስለቱን ጠምዘዝ አድርጋ ሸምበቆውን በጎኑ ሰደደች። የበጊቱ ሆድ ዓይናቸው እያየ ሟሸሸ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ አደረገች። የወደቀችው ግን እግሯን ዘርግታ ቀረች።

ሁለቱም ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። «ሴት በጎቹን አዳነችለት ሲባል ጓደኞቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?» አለ ጋንቲኔ።

«ልጅ ሳለ በግ ይፈራ ነበር፣ አሁንም ይፈራል ይሉሃላ።»

ሳይወድ ሳቀ። ፊቱን በእጁ ሸፈነና ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። «አልቻልኩም፣ ጎናሪያ። ጉልበቴ አልቋል። በመኸር ጊዜ መንጋውን ለነጋዴ ልሸጠው ተነጋግሬያለሁ።»

እሷ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ተነስታ ቆመች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። «የአባቴን በጎች ለነጋዴ?»

«ታዲያ ላንቺ ልሽጥልሽ?»

«አትሽጥልኝ። በርቢ ስጠኝ። እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ አልባለሁ፤ ወተቱንም ግልገሉንም እኩል እንካፈላለን።»

«ባልሽስ?»

ጎናሪያ ስለቱን በሣር እየጠረገች ነበር።

ባኪዝዮ ሥራ ጨርሶ ቤት ሲገባ ሚስቱ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ እጅጌዋ ደም ነክቶት፣ ፊቷ ግን ከብዙ ዓመት በፊት እንዳየው ፊት ሆኖ ጠበቀችው። ነገረችው። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ የሰጠሁሽ ሰንጢ ነው፤ መንጋ ነው የሰጠሁሽ?»

«እህ፣ ሰንጢ ምን ሊሆን ነው? ሽንኩርት ልልጥበት?»

«አርፈሽ እንድትቀመጪ ብዬ ነበር!»

«ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጬልሃለሁ፣ ባኪዝዮ። ልጆችህን አሳድጌ፣ ሸሚዝህን ተኩሼ። አሁን ወገቤ መቀመጥ አቃተው።»

«እኔስ? እኔ ከማን ጋር ልብላ?»

ጎናሪያ ይህን አላሰበችበትም ነበር። እሱ ተነስቶ ወጥቶ አውቶቡሱን ሊያጥብ ሄደ፤ አውቶቡሱ ግን ታጥቦ ነበር። ቺስኬዳ በመስኮት አየችውና በማግስቱ ጎናሪያን፣ «አላልኩሽም? ሳንቲም አልሰጠሽ፣ ይኸው!» አለቻት። ጎናሪያም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች።

ቢሆንም ወጣች። ከሰኞ እስከ ዓርብ በረቱ ውስጥ ታድራለች፤ ቅዳሜ አይብ ይዛ ትወርዳለች። ሴት ልጇ ከሳሳሪ መጥታ «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» ብላ አለቀሰች፤ ወንድ ልጇ ስልክ ደውሎ ሲሰማ ሳቀ። መንደሩ አንድ ክረምት ሙሉ ሲያወራ ከረመና ሌላ ወሬ አገኘ። ጋንቲኔ በሚችልበት ቀን በበቅሎ ይመጣል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አይደለም እንዲያ ነው ይላታል፤ እሷም እሺ ትለውና የራሷን ታደርጋለች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲሞት ድርሻውን ለማንም ሳይሆን ለሷ ተናዘዘላት።

ታዲያ ዕረፍት አገኘች? አላገኘችም። ታች ሳለች ጆሮዋ ቃጭል ይፈልጋል፤ ላይ ስትሆን ደግሞ ዓይኗ ከሸለቆው ባሻገር ያለውን የአስፋልት መታጠፊያ ይፈልጋል። ሰማያዊው አውቶቡስ በሰዓቱ ብቅ ካላለ ማለቡን ትታ ትቆማለች። «ጎማ ተበላሽቶበት ነው» ትላለች ለውሾቹ። «ወይ አሞት ይሆን? እሑድ ዕለት ያስለው ነበር።» አውቶቡሱ ሲመጣ ትሰድበዋለች።

ለባኪዝዮም የመቅበዝበዝ ተራ ደረሰው። ባዶ ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንድትመለስለት ብሎ መኮረፍ ሞከረ፤ ቅዳሜ ስትመጣ ግን ኩርፊያው እስከ እሑድ ምሳ እንኳ አይቆይለትም። አንዳንድ የዕረፍት ቀኑ ወደ ተራራው ይወጣል። የበግ ሽታ ያቅለሸልሸዋል፤ ወተት ሲሞቅ ወጥቶ ይቆማል። አንድ ጊዜ እንዲያልብ አስቀመጠችው፣ በጊቱ ባልዲውን ደፋችበት። «ባሕር ላይ እንኳ እንዲህ አልሆንኩ!» አለ። ጎናሪያ እስክታነባ ሳቀች፤ እሱ ግን ተቀይሞ ብቻውን ወረደ።

ጡረታ የወጣ ሰሞን ሳምንቱን ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ጎናሪያ በልቧ፣ የፈሩት ደረሰ፣ ወደ ባሕሩ ወደ እህቱ ቤት ሄዷል አለች። ቅዳሜም አልወረደችም፤ ሄጄ ባዶ ቤት ከማገኝ ብላ።

እሑድ ጧት ባለ ሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ እያቃሰተ ኮረብታውን ሲወጣ ሰማች። ከላዩ ፍራሽ፣ ሁለት ወንበር፣ ሬዲዮ፣ ከኋላው ደግሞ ሊገለበጥ የደረሰ የልብስ ቁም ሣጥን። ባኪዝዮ አፍንጫውን በመሃረብ ሸፍኖ ወረደ።

«ይህ ሽታ ይገድለኛል» አለ። «ስትቀብሪኝ ግን እታች፣ አየር ባለበት።»

«ቁም ሣጥኑ በበሩ አይገባም።»

«በሩን እሰብረዋለሁ።»

«የአባቴን በር?»

«እንግዲያው ውጪ ይቆም!»

ቁም ሣጥኑ ውጪ ቆመ፤ ዶሮዎች ገቡበት። ባኪዝዮ ፍራሹን ይዞ እያጉረመረመ ገባና የት ልዘርጋው ብሎ ተጣራ። መልስ አጣ። ብቅ ብሎ ሲያይ ጎናሪያ የለችም፤ አንዲት ግልገል ከመንጋው ጎድላ ነበርና ወደ ቡሽ ዛፎቹ ሽቅብ እየወጣች ነው። ጠራት። ዞር ሳትል እጇን አወዛወዘችና፣ «ውሃውን ከእሳት አውርደው፣ እየፈላ ነው!» ብላ ጮኸች።

ገብቶ አወረደው።