ጀማ ላይ የተቀደደው ከበሮ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ የጎረቤቴ አጥር ላይ ትኩስ የበሬ ቆዳ ተሰጥቶ አገኘሁ። የበዓል ቅርጫ ተካፍለው ቆዳው ለእሱ ደርሶት ነው መሰለኝ፣ በጨው አሽቶ፣ ዳር ዳሩን ወጥሮ ፀሐይ አሳይቶታል። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን እየያዘ ይሮጣል። እኔ ግን ደብረ ብርሃን መሐል፣ የደብተር ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። እርጥብ ቆዳ፣ ጨውና ሞራ ተደባልቆ ሲሸት ለሌላው ሰው ግማት ነው፤ ለእኔ ጋሽ ድንበሩ ናቸው። ጎረቤቴ ወጥቶ “ምነው አስተማሪዋ፣ ቆዳ ልትገዢ ነው?” ባይለኝ ኖሮ እስኪመሽም አልነቃም ነበር።

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ድንበሩ መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ከተማ፣ ከእኛ ቤት ጎን አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሥራቸው የወረዳችንን ኪነት ቡድን ከበሮ መጠበቅ ነው። ያኔ ቡድኑ በአይሱዙ ተጭኖ ዘመሮ፣ ቀየት፣ ግሼ ድረስ እየዞረ በገበያ ቀን ይጫወት ነበር፤ ከበሮውን የሚመታው አባቴ ነው። ጭብጨባውም እልልታውም ለአባቴ ነበር። ጋሽ ድንበሩ ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጆሯቸውን ወደ ከበሮው አዘንብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን “እርስዎ ለምን አይመቱም?” ብላቸው፣ “ሙሽራ ያስጌጠች ሁሉ አብራ ታገባለች እንዴ?” ብለው ሳቁብኝ።

ያ ከበሮ ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሁለት ፊቱ በበሬ ቆዳ የተለበጠ፣ ቆዳውና ቆዳው በጠፍር የተሳሰረ ነበር። የመንዝን ጉም የማያውቅ ሰው ይህ ምን ያስቸግራል ይላል። ጉሙ ሲወርድ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፣ ድምፁም የታመመ ሰው ሳል ይሆናል። ስለዚህ ጋሽ ድንበሩ ከወይራ የጠረቧቸውን ስምንት ሽብልቆች በጠፍሩና በግንዱ መካከል አንድ በአንድ እያስገቡ ያጠብቁታል። ወደ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ ቆዳውን በራሱ ጊዜ ስለሚወጥረው ሽብልቆቹ ከዋዜማው መውጣት አለባቸው። “ከበሮ እንደ ሰው ነው፤ ደጋ ሲወጣ ይደርቡለታል፣ ቆላ ሲወርድ ያወልቁለታል” ይሉ ነበር። ጠፍሩን በሞራ ያሻሉ፣ ከዚያ በባና ይጠቀልሉታል። እኛ ሦስት ልጆች አንድ ባና እየተጓተትን ስናድር ከበሮው ለብቻው ባና ነበረው። እናቴ በዚህ ነገር ስታማቸው ኖራለች።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በየካቲት፣ የጀማን በረሃ አቋርጦ የሚደረስበት ዓለም ከተማ ላይ የቡድኖች ውድድር ተጠራ። ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ተዘግቶ ስለነበር አባቴ ይዞኝ ሊሄድ ተስማማ። የደስታዬን ነገር ተዉት፤ ጫማዬን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ለአባቴ ግን ጉዞው ጨዋታ አልነበረም። ያረሳት የገብስ ማሳ በውርጭ እየተመታች ሁለት ዓመት አላበላችንም፣ ከቡድኑ የሚያገኘውም የጊዜያዊ ሠራተኛ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ለአንድ ሰው ቋሚ ቅጥር ተፈቅዶ የእሱ ስም ተልኮ ነበር። የቡድኑ መሪ፣ ኮስታራ ሰው ነበሩ፣ ሁሉንም ሰብስበው “ንብረት ያበላሸ፣ ሥርዓት ያጎደለ ወዲያው ይሰናበታል” ብለው አስጠንቅቀዋል። እናቴ ስለዚያ ቅጥር ለእመቤታችን ተስላ ነበር።

የምንነሳ ዕለት ማለዳ ጉሙ ደጃፋችን ድረስ ገብቷል። ጋሽ ድንበሩ ሽብልቆቹን ማታውኑ አውልቀው፣ በአቡጀዲ ከረጢት አድርገው ከበሮው አጠገብ አስቀምጠው ኪዳን ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። አባቴ እጁን ሊያሟሽ ብሎ ከበሮውን ቢመታው ድው አለ፤ የረጠበ ጆንያ የመታ ይመስላል። ፊቱ ተለዋወጠ። “ሽማግሌው ደከሙ መሰለኝ። በዚህ ድምፅ ነው የምንወዳደረው?” አለና ከረጢቱን ፈታ። ስምንቱንም ሽብልቅ በድንጋይ እየመታ ከተታቸው። ከበሮው እንደ ደወል ጮኸ። አባቴ ጠቀሰኝ፣ እኔም ሳቅሁለት፤ ምስጢር ያካፈለኝ መስሎኝ ኮራሁ። ጋሽ ድንበሩ ሲመለሱ ከበሮው በባናው ተጠቅልሎ መኪና ላይ ወጥቷል።

“ከበሮዬን ማን ጫነው?” አሉ።

“እኔ ነኝ ጋሼ። እርስዎ ጋቢና ይግቡ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል” አላቸው አባቴ።

አመሰግናለሁ ብለው ገቡ። ባናውን ገልጠው ሳያዩ ጉዞ የጀመሩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አባቴን ስላመኑት ነው።

ጀማ በረሃ የደረስነው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነበር። ከመንዝ የለበስነውን ጋቢና ካፖርት አውልቀን እላያችን ላይ ያለው ልብስ ሁሉ አስጠልቶናል። ድንገት ጧ! አለ። ሹፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት መኪናውን ዳር አስያዘና ወርዶ ጎማዎቹን በእግሩ እየመታ ዞረ። ጋሽ ድንበሩ ግን ጎማ የሚያይ ዓይን አልነበራቸውም። በዚያ ጉልበታቸው ጭነቱ ላይ ወጥተው ባናውን ገለጡት። ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ሽብልቆቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ፣ ስምንቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። ከዚያ ቀና ብለው አባቴን አዩት። አባቴ አመድ መስሏል። ከእሱ ዞረው እኔን አዩኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

“ማነው ይህን ያደረገው?” አሉ የቡድኑ መሪ።

ሹፌሩ ጎማውን ትቶ ተጠጋ።

“እኔ ነኝ” አሉ ጋሽ ድንበሩ። “ሽብልቁን ማውለቅ ረስቼ ነው። እርጅና ነው ጌታዬ።”

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የእኔ የዚያን ቀን ዝምታ ወርቅ አልነበረም፣ የአባቴም እንዲሁ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተና ላቡን ጠረገ። ዛሬም ድረስ ያን ፊት ሳስታውስ አፍራለሁ፣ በእሱም በራሴም። መናገር እችል ነበር እኮ!

ዓለም ከተማ ላይ ለመጠባበቂያ በያዝናት ትንሽ ከበሮ ተጫውተን መጨረሻ ወጣን። በሳምንቱ ጋሽ ድንበሩ ከሥራ ተሰናበቱ። እህታቸው ዘንድ ቀየት ሊገቡ ዕቃቸውን በአህያ ሲጭኑ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መሬቱን በጫማው ይጭራል። እሳቸው የአቡጀዲ ከረጢቷን እጁ ላይ አኖሩለትና “መኮንን፣ ቆላ ከመውረድህ በፊት አውልቅለት” አሉት። ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔን ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ፤ የሞራው ሽታ ቀኑን ሙሉ ግንባሬ ላይ ዋለ።

የአባቴ ቅጥር ጸደቀ። እኔ አስተማሪ፣ ወንድሜ ነርስ፣ ታናሿ እህታችን የእርሻ ባለሙያ የሆንነው በዚያ ቅጥር ነው። በሰው እጅ ያለ ከበሮ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፣ አባቴ ከበሮ መጠበቅ ምን እንደሆነ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ቆላ በሚወረድ ቁጥር ዋዜማውን ተንበርክኮ ሽብልቅ ሲያወልቅ አየው ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ አንድም ቀን አልረሳም። የጋሽ ድንበሩን ስም ግን ቤታችን ውስጥ አያነሳም ነበር። ቀየት ቅርብ ነው፣ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም፤ እሱ ግን አልሄደም። እኔም ስንት ዓመት በሆዴ ተቀየምኩት፣ እኔም አልሄድኩም።

የሄድነው ለለቅሶ ነው። የጋሽ ድንበሩ ማረፍ ከተሰማ በሦስተኛው ቀን አባቴ ከዘራውን ይዞ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት መጣና “ተነሽ፣ ቀየት እንሂድ” አለኝ። ድንኳኑ ሞልቷል። እህታቸው እትዬ የሺ ማቅ ለብሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ እንደ ደንቡ አልተቀመጠም። ድንኳኑ መሐል ቆሞ ነጠላውን አደገደገ።

“እኔ መኮንን ነኝ፣ የሞላሌው ከበሮ መቺ” አለ። “ከበሮውን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ድንበሩ ሽብልቅ ረስተው አያውቁም። እኔ ዝም ስል በእኔ ጥፋት እንጀራቸውን አጡ። በቁማቸው መናገር ሲገባኝ ይኸው አፈር ከለበሱ መጣሁ።”

እትዬ የሺ ቀና ብለው አባቴን አዩት። ሊቆጡ ነው ብዬ ወደ አባቴ ጠጋ አልኩ።

“እኔ እኮ ስሰድበው ነው የኖርኩት!” አሉ። “‘ከበሮ መጠበቅ ያቃተህ በግ ትጠብቃለህ?’ እያልኩ፣ ጠዋት ማታ። እሱ ይስቃል። ለእኔ ለእህቱ እንኳ ‘ረስቼ ነው’ እንዳለ ሞተ! ይሄ ውሸታም፣ ይሄ ውሸታም ወንድሜ…” ደረታቸውን ደቁ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፣ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። አባቴ እግራቸው ላይ ወደቀ፣ እሳቸውም ትከሻውን ይዘው “ተነሡ፣ ተነሡ፣ እሱ ይቅር ያለውን እኔ ልይዝ ነው?” አሉት።

ለቅሶው በረድ ሲል ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ሰብሰብ አደረጉ።

“ሰው ‘ድንበሩ፣ ዘር ሳትተካ?’ ሲለው ‘ሞላሌ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሁሉም ተምረዋል’ ይል ነበር” አሉ። “እኛ ደብቆ የወለደ መስሎን ለቅሶው ላይ ስንጠብቃቸው ሰነበትን። አንቺ የትኛዋ ነሽ?”

“የመጀመሪያዋ ነኝ” አልኳቸው።

ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።