የጋሼ ወርቁ ዘመድ

ሸማ ተራን ባቋረጥኩ ቁጥር፣ አዲስ ጋቢ ከታጠፈበት ሲዘረጋ የሚሸተው የጥጥ ሽታ ይመጣና ጋሼ ወርቁን ከነእንጨት እግራቸው ደጃፋቸው ላይ ያስቀምጥልኛል። ኮሪያ ዘምተው አንድ እግራቸውን እዚያው ትተው የተመለሱ ወታደር ነበሩ፤ በግቢያችን አንዲት ክፍል ብቻቸውን እየኖሩ፣ ለነጋዴዎች የጋቢ ጫፍ እየቋጩ ይተዳደሩ ነበር። ክሩን የሚያከሩትም በእንጨቱ እግራቸው ላይ አንከባለው ነበር። «የእኔ ቆዳ አይላጥም» እያሉ ባለ ሁለት እግሮቹን ቋጪዎች ይተርቧቸው ነበር።

ለፋሲካ ሥራው ሲበዛ፣ እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ከበናቸው ተቀምጠን ክር እንለይላቸው ነበር። ክረምት ሲገባ ግን የተቆረጠው እግራቸው እየጠዘጠዛቸው ሥራ ይፈቱ ነበርና፣ እናቴ ውሃ አሙቃ በእኔ ትልክላቸው ነበር።

ያረፉትም በክረምት ነው። ዘመድ አልነበራቸውም፤ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአስከሬኑ ኋላ እያለቀሰች ሄደች፣ እድሩ ድንኳን ጣለ፣ አርባቸውን ግቢው አወጣ። ምናቸው ነሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ መቃብራቸውን ታርም ነበር፤ ከእሷ በኋላ ማረሙ ለእኔ ቀረ።

ዘንድሮ ስሄድ የአንድ ሀብታም ሐውልት ሊሠራበት የመጣ ጥርብ ድንጋይ መቃብሩ ላይ ተከምሮ አገኘሁ። እኔ ደግሞ ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ ላቆምላቸው አስቤ ነበር። ኃላፊ ነኝ ያለኝ ጎልማሳ፣ ባለቤት የሌለው መቃብር ለሌላ እንደሚሰጥ፣ ድንጋይ የሚያቆመውም የሥጋ ዘመድ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ።

«እማማ፣ የሟች ምናቸው ነዎት?»

«ያለቀስኩላቸው ነኝ።»

«እሱማ ዘመድ አያሰኝም።»

«እግራቸውን ሲሰጡልን፣ ዘመዴ ናችሁ ወይ ብለው ጠይቀውናል?»

ሌላ ቀን እንድመለስ ነገረኝ። ተመለስኩ፤ አሁንም ሌላ ቀን አለኝ። እኔም የቻልኩትን ድንጋይ እያነሣሁ ወደ ዳር አደረግሁና፣ ለሠርጌ የቋጩልኝን ጋቢ ደርቤ መቃብራቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ነገም እመጣለሁ።

ያኔ ከአንድ ቧንቧ የምንቀዳ ድሆች ሳንጠያየቅ ዘመድ ሆንላቸው፤ ዛሬ በየአቅጣጫው ፎቅ በሚበቅልበት ከተማ አንድ ሰው የሚጋደምባት መሬት በዛችባቸው። የጋቢዬ ጫፍ ግን ይኸው፣ እሳቸው እንደቋጩት ነው፤ አንዱም አልተፈታም።