ማዕበልን ያስለቀቅን ዕለት

የእህቴን ልጅ «መንፈስ ሰፍሮባታል» ብዬ ጠበል ያስወሰድኋት እኔ ነኝ።

ትርንጎ ወረታ ከተማ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በስልኳ ኮሚክ ታነባለች፤ የሚበሩ፣ መኪና በአንድ እጃቸው የሚያነሡ ሴቶች ያሉበት። ኋላ የራሷን ጀግና ፈጠረች፤ ስሟን ማዕበል አለቻት። ማዕበል እጇን ስትዘረጋ ርብ ወንዝ ይነሣል፤ ያለ ዕድሜያቸው የሚዳሩ ልጆችን ከዳስ ነጥቃ በሩዙ ማሳ ላይ ይዛቸው ትበራለች። ትርንጎ እየሣለች በማዕበል ድምፅ ስትናገር በር ላይ ቆሜ ሰማኋትና የወንዝ ዛር መሰለኝ።

ጠበሉ ላይ ቄሱ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው «ማን ነሽ?» አሏት። ጥርሷ በብርድ ይንቀጫቀጫል። የመንፈሱን ስም ካልተናገረች ውሃው እንደማይቆም ታውቃለች።

«ማዕበል ነኝ!»

«እሰይ! ለፈለፈ!» አለ ሰዉ።

«ልቀቂያት!»

«አልለቃትም! ከለቀቅኋት በጥር ይድሯታል።»

«ማን ነው የሚድራት?»

«ባሉን ፈልጋ ያመጣችው አክስቷ! ያቻትና!» ብላ በጣቷ አሳየችኝ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መንፈስ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የምትለምነን ትርንጎ ራሷ ነበረች። «ይብቃት» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ኀፍረቴን መሸሸግ ፈልጌ፣ «አባ፣ ሰይጣን መቼም ሐሰተኛ ነው፤ ይጨምሩባት» አልሁ።

ጨመሩባት።

«ወጣሁ» አለች፣ ድምፅዋ በጭንቅ እየተሰማ። እልል አልን። በጥርም ዳርናት።

እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።