በማሽላ የሚበረው ቦምብ ጣይ

ውሸታም በሉኝ፤ ለምጄዋለሁ። «ሰቆጣ ላይ ቦምብ ጣይ ተሠራ? ያውም በዚያ በወፍጮ ቤቱ ልጅ?» ትላላችሁ አሉ። አዎ፣ በኔ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ አምስተኛን በመስኮት አይቼዋለሁ። አውሮፕላን ስሠራ ግን ሰርተፍኬት የጠየቀኝ የለም።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባችሁ። ሲሙሌተር ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ አውሮፕላን መንዳት ነው። ነዳጅ አይጠጣም። መብራት ሲጠፋ ግን ከነአብራሪው ይወድቃል። እስካሁን የሞተ የለም።

ሥራ የገባሁ ቀን የኮምፒውተር ቤቷ ባለቤት እትዬ ዘውዴ፣ «በዚህ አብራ፣ በዚህ አጥፋ፣ ሌላ እንዳትነካ» አሉኝ። ምሳ ሳይደርስ ሁሉንም ነካሁት። ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸክሜ፣ ኋላም ሞተር አስነሺ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ቁልፍ አያስፈራኝም።

ኮምፒውተሩ የሳቸው አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ወንድማቸው፣ ኢንጂነሩ ጋሼ መስፍን ነው ያዋሳቸው። ጋሼ መስፍን ከሥራ ሲወጣ የድሮ የጦር አውሮፕላን ለሲሙሌተር ይሠራል። ያን ጊዜ የያዘው በጣሊያን ጊዜ በኛ ሰማይ ይመላለስ የነበረውን ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣይ ነው። ከፎቶ እየለካ ክንፉን፣ የማይታጠፈውን እግሩን፣ ብሎኑን ሳይቀር ጨርሶታል። የጎደለው ድምፁ ነው። ፎቶ አይጮህም።

«በጆሮው የሰማ ሽማግሌ ፈልግና ድምፁን አውጣልኝ» አለኝ በስልክ። «ልክ ካልመጣ ኮምፒውተሩን መጥቼ እወስደዋለሁ፤ እዚህ የሚሠራበት አለ።»

ኮምፒውተሩ ሄደ ማለት እኔ ወደ ጆንያዬ ተመለስኩ ማለት ነው። «ቀላል ነው ጋሼ» አልኩት። ጀርባዬን ግን ያኔውኑ ያመኝ ጀመር።

ገበያ ወጥቼ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። ያኔ ያልተወለደውም ሳይቀር «እንደ ወፍጮ ነበር» አለኝ። እንግዲያማ የኔ ሥራ ነው ብዬ የድሮ ወፍጮዬን በቴፕ ቀዳሁና ወደ መሪጌታ ኪሮስ ሄድኩ። መሪጌታ ዜማ አስተማሪ ናቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው፣ ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሀል የሳተውን በስሙ ይጠሩታል። ልጅ ሆነው ያ አውሮፕላን በላያቸው አልፏል።

እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ጥሩ ወፍጮ ነው» አሉ። «እህል ላምጣ?»

«ታዲያ ምን ይመስል ነበር፣ መሪጌታ?»

«ሦስት ተማሪ አንድ ዜማ አብረው ሲሉ ሰምተህ ታውቃለህ? አንዱ ይቀጥናል፣ አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ መሀል ላይ ነው። አይገጥሙም። እዚያ ካለመግጠማቸው ውስጥ እንደ ከበሮ እም… እም… የሚል ይወጣል። የሚያስፈራው እሱ ነበር።»

ይኼን ኢንጂነር አያወጣውም። የወፍጮ ሰው ነው የሚያወጣው። ወፍጮ ባዶውን ሲዞር ይቀጥናል። ጤፍ ሲሰጡት መሀል ይገባል። ማሽላ ሲያጨናንቁት ይወፍራል። ሦስቱንም ለየብቻ ቀዳሁ። ማሽላው ከኛው ጎረቤት ወረዳ፣ ከዝቋላ፣ በእግሯ የመጣች የአንዲት ሴትዮ ነው።

«እህሌን ምን ልታደርገው ነው የምትቀዳው?» አለችኝ።

«ሊበር ነው።»

«ዱቄቱ አይጉደል እንጂ ይብረር።»

ከቴፑ ወደ ኮምፒውተሩ በገመድ አሳለፍኩና ሦስቱን አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኳቸው። ተነሥቶ እም… እም… አለ። እትዬ ዘውዴ «ዝጋው፣ ራሴን አመመኝ» አሉ። እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ጋሼ መስፍን ሊሰማ ራሱ መጣ። በብብቱ ባዶ ካርቶን ይዟል፤ በኮምፒውተሩ ልክ። ሰላም ሳይለኝ በፊት ካርቶኑን ነው ያየሁት።

እንዲፈርዱ የጠራኋቸው መሪጌታ በር አጠገብ ተቀመጡ፣ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ጥምጥማቸው እንደ ወትሮው ነጭ። አውሮፕላኑን ከሩቅ አስነሣሁና ድምፁን ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩ። ጋሼ መስፍን ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። እኔ መሪጌታን ነው የማየው።

ልክ በላያችን ሲደርስ መሪጌታ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ። ጥምጥማቸውን አወለቁ፣ ሰብሰብ አደረጉና ካባቸው ሥር ሸሸጉት። መሪጌታን ባዶ ራሳቸውን ያየ ሰው ከኛ በፊት ያለ አይመስለኝም።

«መሪጌታ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ ጋሼ መስፍን።

በኽምጥኛ፣ በልጅነት ቋንቋቸው፣ የሆነ ነገር አሉ፤ ለኛ የሚነግሩ ግን አይመስሉም።

«‹ነጩን ደብቁ› ነው የሚሉት» አሉ እትዬ ዘውዴ ዝግ ብለው። «ያኔ እናቶቹ እንዲህ ነበር የሚጮሁት፤ ነጭ ልብስ ከላይ ይታያል ተብሎ።»

ዘጋሁት። አጥፋ ሳልባል ያጠፋሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን መልሰው ጠመጠሙ። ሲጨርሱ «ልክ ነው» አሉኝ። «እኔ ባለሁበት ግን ሁለተኛ እንዳትከፍተው።»

«እሺ፣ መሪጌታ።»

ጋሼ መስፍን ካርቶኑን አጣጥፎ ከበሩ ኋላ አስደገፈውና ባዶ እጁን ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ቀረ፤ እኔም ቀረሁ። ያ ቦምብ ጣይ ዛሬም ሲሙሌተር ውስጥ የዝቋላ ማሽላ እየፈጨ ይበራል።

ሥራው ውስጥ ላላችሁ የምለው ይኼን ነው፦ ድምፅ ስትሠሩ ስክሪኑን ተዉትና የሰማውን ሰው እዩ።

አሁንም ውሸት ነው የሚል ሰቆጣ ይሂድ። እትዬ ዘውዴን ይጠይቅ። የዝቋላዋን ሴትዮ ይጠይቅ፤ ዱቄቷ አልጎደለም። መሪጌታንም ይጠይቅ፤ አውሮፕላኑን ይዞ እንዳይሄድ ብቻ።