ፖሊሽ የሚለው ስም የጋሽ መኮንን አይደለም

ዛሬ ጠዋት የጋሽ መኮንን ልጅ ደወለችልኝና «አንክል፣ ዳድ ፓስድ አዌይ» አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ መልሼ ደወልኩ፤ ምናልባት የሌላ ሰው አባት ይሆናል ብዬ። የሌላ ሰው አባት ቢሞት ለምን እኔ ጋ እንደምትደውል አላሰብኩበትም።

ባለፈው ቅዳሜ እኮ ኮንኮርድ ከተማ ሰርግ ላይ አብረን ነበርን። ፓርኪንግ ውስጥ የአንዱን አሮጌ መኪና ኮፈን አስከፍተው፣ «ይሄ ቱቦ የዚህ መኪና አይደለም» እያሉ ባለቤቱን ሲያስጨንቁት ትቻቸው ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ፌስቡክ ስከፍት ሁላችሁም «ጋሽ ፖሊሽ ነፍስዎን ይማር» ብላችሁ ጽፋችኋል። ልጅቷም እንደገና ደወለች። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በዚያ ስም ስለሆነ፣ በቀብሩ ፕሮግራም ላይ ከስማቸው አጠገብ «ፖሊሽ» የሚለውን ልታስገባው ፈልጋለች። «ኢዝ ዛት ኦኬ፣ አንክል?» አለችኝ። መልሼ ኮል አደርግልሻለሁ አልኳት። መጀመሪያ ይሄን መጻፍ አለብኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ኦክላንድ አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። እሳቸው አዲስ አበባ ሳሉ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ግን የተጋጨ በር ሲያቃኑ ይውላሉ። እኔ እዚያ ከገባሁ ገና ሦስት ወር ነበር።

አንድ ቀን ባለጋራዡ የስድሳ ዘጠኝ ሞዴል ማስል ካር፣ ያቺን ጉልበተኛ የድሮ መኪና፣ እያስጓራ አመጣ። «ይህችን ከፋብሪካ እንደወጣች አድርገህ ሳን ሆዜ የአሮጌ መኪና ሾው ላይ ካሳለፍክልኝ፣ የኋላውን ክፍል ለአንተ እሰጥሃለሁ» አላቸው። የኋላው ክፍል አሮጌ መኪና ብቻ የሚታደስበት ነው። ጋሽ መኮንን ከልባቸው ሲፈልጉት ያየሁት ነገር ቢኖር ያ ክፍል ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እንዲህ ዓይነት ሾው ላይ ዳኛው መኪናዋ ማማሯን አይደለም የሚያየው፤ ፋብሪካው እንዳወጣት መሆኗን ነው። ፋብሪካ ደግሞ ይቸኩላል። ሠራተኛው የጠመኔ ምልክቱን ሳያጠፋ ይሄዳል፣ ቀለምም ይንጠባጠባል። ያ ሁሉ መኖር አለበት። ካሳመርከው ነጥብ ይቆረጥብሃል።

ጋሽ መኮንን የድሮውን ቀለም ከማንሳታቸው በፊት፣ ከኋላው ኮፈን ጠርዝ ሥር ወርዳ የደረቀች አንዲት የቀለም ጠብታ አገኙ። ምስር ታክላለች። ፎቶ አነሷት፣ በክብሪት እንጨት ለኳት። አዲሱን ቀለም ሲቀቡ ያቺኑ ጠብታ እዚያው ቦታ ለማምጣት፣ ሦስት ቀን ሙሉ በቁራጭ ላሜራ ላይ ተለማመዱ። እኔ ያን ሰሞን ከሄይዋርድ ዕቃ በማመላለስ ላይ ስለነበርኩ ስለ ጠብታዋ አልሰማሁም።

«ከፋብሪካው አትብለጥ» የምትል አባባል ነበረቻቸው። አንድ ጊዜ ሽቶ አብዝቼ ስመጣ እንኳ ብለውኛል። እኔ ቀልድ ትመስለኝ ነበር።

ሾው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ትክክለኛዋ አይደለችም ያሏትን አንዲት ብሎን ለመቀየር ፍሪሞንት ሄዱ። እኔ አቧራ ጥረግ ተብዬ ቀረሁ። ስጠርግ ጠብታዋን አየኋት። ይቺ አምልጣቸዋለች፣ ሰው ፊት ሳያፍሩ ላድናቸው አልኩ። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ፖሊሽ አደረግኩ፣ መስታወት አስመሰልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ሊያጌጡ ይመላለጡ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሳን ሆዜ ላይ ዳኛው ጋሽ መኮንን ራሳቸው ያዘጋጁትን አልበም ገለጠ። የጠብታዋ ፎቶ አለ። ጎንበስ ብሎ ኮፈኑን አየ፤ ጠብታዋ የለችም። እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ እኔን አዩኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ ግን ነገሩ ገባቸው።

ባለጋራዡ «ማነው የነካው?» አለ።

ጋሽ መኮንን «ሚ። አይ ፖሊሽ» አሉ።

መኪናዋ ለጥቂት ወደቀች። ከቤተክርስቲያን በዚያው ሊያዩን የመጡ የኛ አገር ልጆች ቆመው ይሰሙ ነበርና፣ ሰኞ ሳይደርስ ስማቸው «ጋሽ ፖሊሽ» ሆነ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?» አልኳቸው።

«አንተ ሦስት ወርህ ነው፣ ያባርርሃል። እኔን ቢያባርር ያንን ሁሉ የተጋጨ በር ማን ያቃናለታል?» አሉና ሬዲዮ ከፈቱ።

የኋላው ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያ ሰው ሲለቅ ደግሞ ለእኔ። እዚያ ክፍል ውስጥ አሥር ዓመት ሠራሁ። እሳቸው ከፊት ለፊት መዶሻቸውን ይዘው ይውሉና፣ ምሳ ሰዓት ላይ ባትሪያቸውን አብርተው የሠራሁትን ኮፈን ሥር ሥሩን ያያሉ። ትክክል ከሆነ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ያቺን ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም።

እኔ ግን «ጋሽ ፖሊሽ» ስትሏቸው አብሬያችሁ ስስቅ ኖሬያለሁ። ጠብታዋን ያጠፋኋት ባለማወቅ ነው። የሳቅኩት ግን እያወቅኩ ነው፤ የማፍረውም በዚህ ነው።

አሁን ለልጃቸው እደውላለሁ። መኮንን ብቻ ብለሽ ጻፊ እላታለሁ።

ጋሽ መኮንን፣ ስለ እርስዎ አሳምሬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር፤ አባባልዎ ትዝ ሲለኝ አጠፋሁትና የሆነውን ብቻ ጻፍኩ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። ስሙን ግን ይዘውብኝ እንዳይሄዱ። ፖሊሽ እኔ ነኝ።