አልጋው የሻል ነው

አክስቴ ሥራዋ ሻል መወጠር ነው። ሌሎች ሴቶች ከስስ የሱፍ ክር በእጃቸው የሠሩትን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ሻል ለአንዲት ልብስ ሰፊ ይሰጣሉ፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ለአክስቴ ታመጣለች። ሲመጣ ብታዩት የከረመ መወልወያ ጨርቅ ነው። ተጨማዶ፣ ተኮማትሮ፣ ቅጠል ይሁን ቋጠሮ የማይለይ ነገር። አክስቴ ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፤ ሳትጠመዝዝ በፎጣ ትጠቀልልና ፎጣውን በባዶ እግሯ ረግጣ ውሃውን ታወጣለታለች። ከዚያ ዘርግታ፣ ጠርዙን በስፒል እየወጋች ትስበዋለች። ስትስበው ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፤ ቅጠሉ ቅጠል፣ አበባው አበባ ይሆናል፤ ስፋቱም እጥፍ ይደርሳል። እንደተወጠረ ከደረቀ እንደዚያው ይቀራል። እርጥቡን ከነቀሉት ግን ወደ መወልወያነቱ ይመለሳል። አንዷ ሠሪ የገዛ ሻሏን አይታ «የኔን ለውጠሽብኛል!» ብላ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጮኻለች። አክስቴ ያን ቀን የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም።

ችግሩ ስፒል የሚይዝላት ሰፊ ነገር የቤቱ ፍራሽ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ የመጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነው። እሱ አመሻሽ ላይ ሲወጣ እሷ ፍራሹ ላይ ላስቲክና ፎጣ አንጥፋ ሻሏን ትወጥራለች፤ ራሷ መሬት ትተኛለች። ጠዋት ሻሉ ይነሳል፣ ጋሼ ይተኛል፣ እሷ ቀጣዩን ትዘፈዝፋለች። እንዲህ ሲፈራረቁ አረጁ። አንድ አልጋ ላይ የሚገናኙት ሕመም ሲጥላቸው ነው። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ጠዋት ወገቧን ይዛ ስትነሳ የምታሰማውን ማቃሰት ለምጄዋለሁ።

«ለምን አታቆሚም?» ስላት፣ «ልብስ ሰፊዋ ከተቀየመች ማን ያመጣልኛል?» ትላለች። መልሷ ያናድደኛል፤ ግን እውነቷን ነው፣ ሌላ የሚያመጣላት የለም።

ዝናብ ሲበዛ ሻሉ በጠዋት አይደርቅም። ያኔ ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ «ደረቀ?» ይላል። «ገና ነው» ትለዋለች። «ይሁን» ይልና ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይህ ሰው «ይሁን» ከማለት ሌላ ቃል የተማረ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ሥራ ስላልነበረኝ በጠዋት ከእሷ ዘንድ ነበርኩ። አልጋው ላይ የሙሽራ እናት የዚያን ዕለት ማታ የምትደርበው ነጭ ሻል ተወጥሯል። ልብስ ሰፊዋ እኩለ ቀን ላይ መጥቼ እወስዳለሁ ብላለች። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ግን ሻሉ ገና እርጥብ ነው። ጋሼ ተረኛው ስለቀረበት ከትናንት በስቲያ እንደወጣ ነበር፤ ሲገባ ከኮቱ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ደረቀ?»

«ገና ነው።»

«ይሁን።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ሳይጨርስ፣ እጁ ክሩ ላይ እንዳለ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ።

አክስቴ አየችው። ከዚያ ወደ አልጋው ሄዳ የመጀመሪያውን ስፒል ነቀለች።

«አክስቴ! ምን ነካሽ? ሠርጉ እኮ ዛሬ ነው!»

«ታዲያ የማገባው እኔ ነኝ?»

«ልብስ ሰፊዋ ጉድ ታፈላለች።»

«ታፍላ። ይሄ ሰውዬ ባሌ ነው ወይስ ኮት መስቀያ?»

የነቀለቻቸውን ስፒሎች የቀሚሷ አንገትጌ ላይ ትሰካለች። በነቀለች ቁጥር ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ የተከፈተው አበባ ይጨማደዳል። አልጋውን ሞልቶ የነበረው ሻል እፍኝ ሆኖ ሳፋ ውስጥ ገባ። ላስቲኩን ገፈፍን፣ የጋሼን ኮትና ጫማ አወለቅን፣ ግራና ቀኝ ይዘን አስተኛነው። አልነቃም። «ወገቤን ለአፍታ ላሳርፍ» አለችና ከጎኑ ጋደም አለች። ሳፋውን ጥግ አስጠግቼ ስመለስ እሷም ተኝታለች። እንዳይወጓት ስፒሎቹን ከአንገትጌዋ አንድ በአንድ ለቀምኩ።

ልብስ ሰፊዋ በሰዓቷ ከተፍ አለች።

«የታል?»

ሳፋውን አሳየኋት። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አነሳችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ለሙሽራ እናት ይሄን ላልብስ? ቀስቅሻት!»

«አልቀሰቅሳትም።»

«እንግዲያው እኔ እቀሰቅሳታለሁ!»

መሀል ገብቼ ቆምኩ። ቁመቴ አጭር ነው፤ ንዴቴ ግን ያን ቀን ጣራ ይነካ ነበር። «በስንት ዘመኗ ዛሬ አልጋ ላይ ተኝታለች። ይንኳትና እንተያያለን» አልኳት።

በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየቻቸው። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ያዘነች መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሻሉን ፌስታል ውስጥ ከተተችና «ንገሪያት፤ ከዛሬ በኋላ ደጇን አልረግጥም» ብላ ወጣች።

ይህን እንዴት እንደምነግራት ሳምጥ ቆየሁ። አክስቴ ሥራውን ብትማረርበትም ትወደው ነበር። ሻሉ ሲከፈት ፊቷም አብሮ ይፈታል፤ ለዚያች ደቂቃ ድካሟ ይረሳታል። አሁን ያቺም ደቂቃ ቀረችባት። አዘንኩላት።

ዝናቡ ሲያባራ ነቃች።

«መጥታ ነበር?»

«መጥታ ነበር። እርጥቡን ይዛው ሄደች። ሁለተኛ አላመጣም ብላለች።»

እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«ጠርዙ እንዴት ያምር ነበር» አለች። «አይተሽዋል አይደል?»

«አይቼዋለሁ።»

ጋሼ በእንቅልፉ ተገላበጠና ክንዱን ወገቧ ላይ ጣለው። ደነገጠች። ክንዱን ቁልቁል አየችው።

«ይከብዳል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ላንሳልሽ?»

«አይ፣ ተይው» አለችና መልሳ ዓይኗን ጨፈነች።