ብረት የማያጣድፉት አጎቴ

አጎቴ ዕድሜያቸውን አቃቂ ፌሮ ፋብሪካ ውስጥ የጨረሱ ሰው ነበሩ። የጋለው ብረት ለመጨረሻ ጊዜ ጨፍልቆ የሚያሳሳው መዳመጫ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እጃቸውን ያነሱና «ትንሽ ይብረድ፣ አታጣድፉት» ይሉ ነበር። በጣም እንደጋለ ከተዳመጠ ውስጡ ያለው፣ በዓይን የማይታየው ቅንጣት ያድጋል፣ ብረቱም ይደክማል። ቀዝቀዝ ሲል ግን ቅንጣቱ ይደቃል፣ ብረቱም ይጠነክራል። እኔም እዚያው መሐንዲስ ሆኜ ስገባ፣ ኒዮቢየም የተባለ ማጠንከሪያ ብረት በጥቂቱ የተጨመረበትን አዲስ ብረት በዚሁ መንገድ እንሞክረው ብለን ከእሳቸው ጋር ተባባልን። ሙከራው ሳይደርስ አረፉ።

ትናንት ናሙናውን ማሽን ላይ ወጥረን ስንስበው ከድሮው እጅግ በልጦ አልበጠስ አለ። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በር ከፈቱልኝ። ወደ አጎቴ ባዶ ወንበር ዞርኩ።

«ለእሱ እንደምትነግሪው አድርገሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

ቆሜ፣ እጄን እያወራጨሁ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።